ያለፈ ወረቀት አይቀበሉም

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለአንድም ሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩም፣ ለፓስተራችን አልነገርኩም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ እሱን እዘለው ነበር። ጌታ የማያውቅ ይመስል! አሁን ለእናንተ ልናገር ነው፤ እየፈራሁም ነው። ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ ግን። ያንን ክፉ ሥራዬን ባሰብኩ ቁጥር የዚያን ጊዜው ደስታዬ አብሮ ይመጣብኛል፤ ሁለቱን መለየት እስካሁን አልቻልኩም።

ሊዲያ እባላለሁ። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ ከወንድሜ ጋር ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ኮሮና ሲገባ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ እማር ነበር። ከክፍላችን አበሾቹ ሁለት ነበርን፣ እኔና ዘነበች። ዘነበች የዱራሜ ልጅ ናት። አሌክሳንድራ ሰፈር ከአጎቷ ስፓዛ፣ ከትንሿ የሰፈር ሱቅ ጀርባ ትኖራለች፤ ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት በኋላ በሱቁ መስኮት ዳቦና ወተት ትሸጣለች። እሷ በከምባትኛ ስትቆጣኝ እኔ በሀዲይኛ እመልስላታለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ ታርቀን እንስቃለን። ሒሳብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሒሳብ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ምኞታችን አንድ ነበር፤ ከኮሌጁ ተዛውረን ዩኒቨርሲቲ መግባት። ውጤቱ ያማረለት ሰው የተማረው ይቆጠርለትና የአራት ዓመቱን ዲግሪ ከሁለተኛው ዓመት ይጀምራል። የኤሌክትሪክ ኢንጂነር! ይህቺን ቃል ሳስባት ብቻ ሰውነቴን ይነዝረኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን "ኢንጂነር ዘነበች፣ ትንሽ ጠጋ በይ" ስላት፣ "ኢንጂነር ሊዲያ፣ አንቺ ራስሽ ጠጋ በይ" ትለኛለች፤ ሹፌሩ እብዶች እንመስለው ነበር።

ከዚያ አገር ምድሩ ተዘጋ። ኮሌጁ ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋ፣ ወረቀት የምናሳድስበት ቢሮም ተዘጋ። ወረቀት የምንለው የጥገኝነት ጠያቂ ፈቃዳችንን ነው። ባንክ ስንሄድ ወረቀት፣ ፖሊስ ሲያስቆመን ወረቀት፣ ትምህርት ቤት ስንመዘገብ ወረቀት። ቢሮው እንደተዘጋ የእኔም የእሷም ቀኑ አለፈ። መንግሥት ግን በዚህ መሀል ቀኑ ያለፈ ሁሉ እንደተራዘመ ይቆጠራል ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። እኛ ደግሞ ታውቁናላችሁ፣ ማስታወቂያ አናነብም። የወረቀት ነገር ሲሆን የምናምነው የሰው አፍ ነው። "እከሌ ሄዳ ጠይቃ እንዲህ ተባለች" ከተባለ አለቀ፣ እሱ ሕግ ነው።

ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ፣ ያለፈ ወረቀት ችግር የለውም፣ የማራዘሚያውን ማስታወቂያ አያይዢበት፣ በቃ አለችኝ። በቃ! አልጋው ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። ወንድሜ "ኧረ ቀስ፣ አልጋው የአከራዩ ነው!" እያለ እሱም ይስቃል። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነበር የጮህኩት።

ከሰዓት በኋላ ዘነበች ደወለች።

"ሊዲዬ፣ ወረቀቴ እኮ አልፏል። እኔ ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ ማውራት እፈራለሁ፣ አንቺ ጠይቀሽ ይሆናል ብዬ ነው። ይቀበሉኛል?"

አስተማሪያችን "ከኮሌጅ የሚቀበሉት አንድ ሁለት ሰው ነው" ሲል ሰምቼ ነበር። የእሷን ውጤት አውቃለሁ፣ የራሴንም አውቃለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ካለ የማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም ነበር።

"አይቀበሉም" አልኳት። "ያለፈ ወረቀት አይቀበሉም።"

"ያንቺስ?"

"የኔ ቢሮው ሳይዘጋ በፊት ታድሷል።"

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት። ከኋላዋ ደንበኛ "ሲሲ፣ እህቴ፣ ዳቦ!" እያለ ሲጠራት ይሰማኛል። ከዚያ "በቃ፣ አንቺ እንኳ ግቢልኝ" አለችኝ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ተርቤ ነበር? ጠግቤ፣ ጠዋት ደስ ብሎኝ ዘልዬ፣ ያው ደስታዬ ሳይበርድ ነው ያደረግኩት። ደጋግሜ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሰው ሲከፋው ክፉ ይሠራል ይባላል፣ እኔ እንዴት ደስ ብሎኝ ክፉ ሠራሁ? መልሱን ሳውቀው ያሳፍረኛል። ደስታዬን ማካፈል አልፈለግኩም። ለብቻዬ ፈለግኩት። እኔ፣ እኔ፣ እኔ!

እሷ ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? በቤተ ክርስቲያናችን የዋትሳፕ ግሩፕ "ለሊዲያ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት" ብላ አወጀች። የሰንሰለት ጸሎት እናውቅበታለን፤ ቀኑን በሰዓት እንከፋፈልና ሁሉም በያለበት ይጸልያል። ዘነበች የወሰደችው ሱቁ የሚጨናነቅበትን የቀትር ሰዓት ነው። ሳትበላ፣ ማስክ አድርጋ፣ በአንድ በኩል ወተት እያቀበለች በሌላ በኩል ስሜን እየጠራች። እኔ ለራሴ በዚያን ሰሞን ጾሜ ነበር? አልጾምኩም፤ ደስታው የምግብ ፍላጎቴን ከፍቶት ነበር።

መልሱ የመጣው ድንች እየላጥኩ ሳለ ነው። ኢሜይሉን ከፈትኩት፤ "ተቀብለንሻል" ይላል። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ጮህኩ! እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን ኮንጎዎች ናቸው፤ ጊዜው የኮሮና ነበርና ሰው የሞተብን መስሏቸው ሊያስተዛዝኑ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ኮሪደሩ ላይ አብረውኝ ጨፈሩ። እናንተዬ፣ ያንን ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሕይወቴ ውስጥ አንድ ቀን ምረጪ ብትሉኝ ዛሬም እሱን ነው የምመርጠው። ይህን ስል እያፈርኩ ነው፤ ግን ውሸት በቃኝ።

እሁድ በዙም አምልኮ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠራሁ። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ "ጌታ ማንም የማይዘጋውን በር ከፈተልኝ" አልኩ። አፌ እንዴት ታዘዘልኝ? ገና ሳልጨርስ አንድ ማይክ ተከፈተ። ዘነበች ናት፤ ከሱቁ ውስጥ ሆና "ሃሌሉያ! ክብር ለጌታ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አብሮ የደንበኛው ድምፅ ይሰማል፤ ዳቦ ይለምናል። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ገባሁ። የገዛ እጄ የዘረጋው መስመር ላብራቶሪ ውስጥ መብራት ሲያበራ ሳይ ልቤ ዘለለ፤ አሁንም ይዘልላል። በምዝገባዬ ሰሞን አንዲት የዲፓርትመንቱ ሠራተኛ ፋይሌን እያገላበጠች፣ "ከኮሌጃችሁ አንቺ ብቻ ነሽ ያመለከትሽው? ለሌላም ሰው ቦታ ነበረን እኮ፣ ባዶውን ቀረ" አለችኝ። ፈገግ ብዬ "አላውቅም" አልኩ። ሦስተኛ ውሸት። ለካ ዘነበች እንዳትበልጠኝ ብዬ ያስቀረኋት ከጎኔ ከምትቀመጥበት ወንበር ነው።

እንዲያም ሆኖ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ዘነበች ኮሌጁን ጨርሳ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ገባች። "ኢንጂነር" እያለች ትጠራኛለች፣ እኔም አቤት እላለሁ።

ያለፈው እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ እህት አስናቀች አገኘችኝ። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። "የት ልታመለክት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ኧረ ወዲያ፣ ወረቀታችን አልፎ የለ እንዴ? ያለፈ ወረቀት አይቀበሉም። ልጅቷን ሱቅ አስገባኋት።"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ዘነበች ነቻ። ሰው በከንቱ እንዳይደክም ለሁሉም ነው የነገረችው። እሷም ካንቺ ነው የሰማችው፤ ገብታ የተማረችው ልጅ እንዲህ ካለች ያው እውነት ነው አልን።"

ውሃ ሆንኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለአንዲት ሴት የተናገርኩት ቃል ሕግ ሆኖ በስሜ ሲዞር ነበር። ስንት ልጅ ሰምቶት ይሆን? ስንት ልጅ ይህን ሰምቶ ትምህርቱን ትቶ የሱቅ መስኮት ላይ ቆመ?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሌክሳንድራ ሄድኩ። ዘነበች ከሱቁ መስኮት ፍርግርግ ወዲያ ናት፣ እኔ ወዲህ። ወረፋ አለ። ሰው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብል ወኔዬ እንደሚከዳኝ ስላወቅሁ እዚያው ነገርኳት። ጠዋት እንደደወልኩ፣ ይቀበላሉ እንደተባልኩ፣ የእኔም ወረቀት አልፎ እንደነበር፣ አንድም ሳላስቀር። እጇ ሥራውን አላቋረጠም፤ ዳቦ ሰጠች፣ ወተት ሰጠች። እንባዋ ግን ማስኳን አራሰው። ብትጮህብኝ በወደድኩ! በከምባትኛ እስኪበቃት ብትሰድበኝ በወደድኩ!

"የዘንድሮው መቼ ነው የሚዘጋው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ገና ዘጠኝ ቀን አለው! ዛሬውኑ አብረን እንሙላው፣ እኔ..."

"አንቺ አትሙይልኝ" አለች። "ራሴ ደውዬ ጠይቄ ራሴ እሞላዋለሁ።"

ከዚያ ስልኳን አንስታ፣ እኔ ፊቷ ቆሜ፣ ለግሩፑ በድምፅ ላከች፤ "ወገኖቼ፣ ያለፈ ወረቀት ይቀበላሉ። በፊት የነገርኳችሁ ስህተት ነው፤ እኔ ነኝ በደንብ ሳልሰማ ያወራሁት። ዘጠኝ ቀን ነው ያለን፣ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ።" ስሜን አላነሳችም። ወዲያው ግሩፑ ተንጫጫ፤ "እውነት ነው?"፣ "ማስታወቂያውን ላኩልን!"፣ "ልጄ እኮ ደረሰላት!" እህት አስናቀች እልልታ ላከች። ደስታ ሲፈስስ በዓይኔ አየሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት መፍሰስ የነበረበት ደስታ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ "ዘነበች፣ እንዴት እንዲህ ታሳስቺናለሽ?" ብለው ተቆጧት። እሷ "ይቅርታ" ብላ ጻፈችላቸው።

ስለዚህ ነው ዛሬ ይህን የጻፍኩት፣ የምልከውም እዚያው ግሩፕ ላይ ነው። ዘነበች አልተሳሳተችም። የነገርኳትን በደንብ ሰምታለች፤ የሰማችውንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ነግራችኋለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ይቅርታውን እሷ እስካሁን አልሰጠችኝም፤ ከእሷ በፊት እናንተም እንዳትሰጡኝ። የተቆጣችኋት ግን ዛሬውኑ ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቋት፤ ቁጣው የእኔ ነው፣ ወደ እኔ መልሱት።