ለሁለት የታቀደች ክፍል

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኬንያ፣ ከካሳራኒ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በማታቱ ታክሲ ስንወርድ፣ የልጅ ልጄ ሳባ በመስኮቱ ገና እየተሠራ ያለ ፎቅ አሳየችኝ። «አባባ፣ ያ የእኛ ኒው ሆስቴል ነው። ወደፊት ለሚመጡት ስቱደንቶች ፕላን አድርገው ነው» አለችኝ። ግርማ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ እዚያው እሷ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ በስደተኛነት ባገኘሁት ነፃ ዕድል እማር ነበር። ክፍሌ የታቀደችው ለሁለት ሰው ነው፤ እኔና ምዋንጊ የሚባል ኬንያዊ ተመደብንባት። የሰፈሬ ልጅ ግርማ ደግሞ በሞያሌ በእግሩ የመጣ፣ ወረቀት የሌለው፣ ወለሉ ላይ ይተኛ ነበር። ውጭ ካደረ ፖሊስ ያፍሰዋል፤ ከታፈሰ ወደ ድንበር ነው። በሌሎቹ ክፍሎችም እንዲሁ የተጠጉ ሀበሾች ሞልተዋል። ከመመገቢያ አዳራሹ ጠቅልዬ የማመጣለትን ኡጋሊ «ቅቤ የተነፈገ ገንፎ» እያለ ይበላዋል።

ትልቁ ዝናብ በገባበት ሰሞን፣ ግቢው ወደፊት ምን ያህል ማደሪያ እንደሚያስፈልገው የሚያጠኑ ሰዎች በየክፍሉ ዞረው ሊቆጥሩን ነው ተባለ። ምዋንጊ ደስ አለው።

«ስም አይጠይቁም። መጨናነቃችንን ይዩትና ሌላ ሆስቴል ይሥሩልን» አለ።

የግርማ ፊት አመድ መሰለ። «ወንድሜ፣ ቀበሌም ሲጀምር የቤተሰባችንን ብዛት ነው የጠየቀን። ታላቄን የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። እኔም ከዚያው አገር ነኝና አልተከራከርኩትም።

ፍራሹን ጠቅልለን ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሸጎጥነው። እሱ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሜትር የያዘች ሴትዮ ገብታ ወለሉን ለካች፤ ስንት እንደሆንን ጠየቀች። «ሁለት» አልኳት። ምዋንጊ አየት አድርጎኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሀበሻ ያለበት ክፍል ሁሉ ያንኑ መለሰ፤ እንዲያውም ወለሉን ወልውለን፣ አልጋውን አንጥፈን ነው የጠበቅናት።

ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው ተለጠፈ። በየክፍሉ የተቆጠረው ሁለት ሁለት ሰው ነው፣ በሌሎቹ ሕንፃዎችም ትርፍ ክፍል አለ፤ ሌላ ሆስቴል አያስፈልግም፤ የእኛ ሕንፃ ቤተ ሙከራ ይሆናል። እኛን ዘበኛ በሩ ላይ ወደሚቆምበት ሕንፃ አዛወሩን። ግርማን የማስገባበት ቀዳዳ አጣሁ። የማውቀውን ሀበሻ ሁሉ ደጅ ጠናሁ፤ ሁሉም የራሱን ሰው የሚያስጠጋበት ጨንቆታል። ማልቀስ ቃጣኝ፣ እንባም እምቢ አለኝ።

ግርማ ፍራሹን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆመ። «አይዞህ፣ እንኳንም አልቆጠሩኝ» አለኝ። በሳምንቱ ታፈሰ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን የሰማ ሰው አላገኘሁም።

በማንም አልፈርድም። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የሚያየው የተቆጠረውን ነው፤ እኛ ደግሞ መቆጠርን ከመወሰድ ለይተን አናውቅም ነበር።

ሳባ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «አባባ፣ አንተ ስትማር ሩምህ ውስጥ ስንት ነበራችሁ?»

«ሦስት» አልኳት። ያን ቁጥር ለጠየቀኝ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።