አፈ ማር ለገበያ ያወጣው ቃል

ሰፈርተኛው «አፈ ማር» ይለዋል። ሙያው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ዘፈን መግጠም ደግሞ ሱሱ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሆዱን ይዘከዝክለታል፤ እሱም መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ምቱን ይለካና ፀጉሩ ተቆርጦ ሳያልቅ ግጥሙ ያልቃል። እጮኛው የከዳችው ይመጣል፣ ከአከራዩ የተጣላ ይመጣል። እንዲያውም አንድ ራሰ በራ ነበር፤ የሚቆረጥ ፀጉር ሳይኖረው ፍቅሩን ሊያስገጥም ብቻ እየመጣ የሚቀመጥ። አፈ ማር «ያንተን ጭንቅላት መወልወል ነው እንጂ መቁረጥማ አይቻልም» እያለ ይቀልድበትና ሰውን በሳቅ የሚያፈርስ ዘፈን ይሠራለታል። ሲያሻው ያስቃል፣ ሲያሻው ያስለቅሳል፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ያስታርቃል። ተሰጥኦ ነው፤ አይካድም።

የገዛ ቤቱ ግን የሐዘን ቤት ነበር። አንዲት ሴት ልጁ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል በትኩሳት ሞተችበት። ለትምህርት ቤት የገዛላት ጫማ ሰፊ ነበር፤ ታድጋለች፣ ትሞላዋለች ብሎ ነው ሆን ብሎ ሰፊ የመረጠው። ያንኑ ጫማ አድርጋ ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ጋር መቃብሯ ዘንድ ይሄዳሉ። ሚስቱ ዝምተኛ ናት፤ ቤት ውስጥ የልጅቷን ስም አታነሣም። መቃብሩ ላይ ግን ሣሩን ትነቅልና፣ ድንጋዩን በእጇ ትጠርግና፣ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «እግርሽ ጫማሽን ሳይሞላ፣ መንገድሽ አለቀ።» ይህን ብላ አልቅሳ ሲቀልላት ትመለሳለች። ሳምንቱን የምትገፋው በዚያ ቃል ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ጎርናናው የሚሉት ዘፋኝ መጣ። አንጀት የሚበላ ግጥም ስጠኝ አለው። አፈ ማር ይህን ቢለው፣ ያን ቢለው፣ ጎርናናው ራሱን ይነቀንቃል። አፈ ማርን እልህ ያዘው። ደግሞስ የእሱስ ሐዘን? ወንድ ነህ ቻለው ተብሎ በወጉ ያላለቀሰው፣ ሆዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። አፉ አመለጠውና የሚስቱን ቃል ተናገረው። ጎርናናው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፈ ማር ልጁን ያከበራት መስሎት በዚያ ቀን ደስ ብሎት ዋለ፤ ሞኝ! ለሚስቱም ትንፍሽ አላለም።

ግጥም ሰጪ ግጥሙን ይሰጣል እንጂ ምቱ ላይ ሥልጣን የለውም። አቀናባሪው ሐዘን አይሸጥም፣ ሰው መጨፈር ነው የሚፈልገው አለና ከበሮ ጨምሮ አፈጠነው። ዘፈኑ ፍቅረኛዋን ጥላ ለሄደች ኮረዳ የተዘፈነ መሰለ። ታክሲው እሱን፣ ሱቁ እሱን፤ ወዲያው አገር አዳረሰ።

ሚስቱ የሰማችው የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ እያጨበጨበ ይጨፍራል። አንዱ ቀልቃላ ደራሲው እዚህ አለ ብሎ አፈ ማርን እየጎተተ መሐል አስገባው። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ሳህኗን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ እንደማታውቀው ሰው ነው ያየችው።

ቤት ሲገቡ እግሯ ላይ ወደቀ። ዘፋኙን ለምኜ አስቀረዋለሁ፣ ሁለተኛ ግጥም አልገጥምም አለ፤ ያልማለው መሐላ የለም። ምን ዋጋ አለው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽ! እሷ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበው ምንኛ በወደደ።

እሑድ እንደ ልማዳቸው ሄዱ። ሣሩን ነቀለች፣ ድንጋዩን ጠረገች፣ አፏን ከፈተች። ቃሉ ከነከበሮው መጣባት፤ በዚያ ሠርገኛውን ባስጨፈረው ምት። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር፦

«እኔ ሌላ የለኝም። አንተ አገር ታስለቅስ የለ? እስቲ አንድ ነገር በላት» አለችው።

አፈ ማር ቀረብ አለ። ለስንቱ ቃል ያላጣ ሰው፣ ድንጋዩ ፊት ተንበረከከ።

«ልጄ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልመጣለትም።

ሚስቱ ጠበቀችው። በኋላ ቀሚሷን አራገፈችና ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።