በርሚሉ ያልጠጣበት ዓመት

ሰው መጠጥ ሲያቆም ዘመድ ደስ ይለዋል ይባላል። እኔን ደስ አላለኝም። የእህቴ ባል ዓመት ሙሉ ጠብታ ሳይቀምስ ሲከርም፣ እኔ ዓመት ሙሉ እርር ድብን ስል ከረምኩ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያ ሐሳቤ "ዛሬስ ይጠጣ ይሆን?" ነበር። እንዲጠጣ ነበር የምመኘው። ክፉ ነህ በሉኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ልጨርስ።

ሁለታችንም አናጢዎች ነን። በርና መስኮት በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። ወርክሾፑ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩት የአንዲት ሴት ነው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እህቴንም ያገኛት እዚያው ነው። ምሳዬን ልታደርስልኝ ስትመላለስ አይቷት፣ ከሦስት ወር በኋላ ምሳው ለሁለት ሰው ሆነ።

ሰውዬው ስም አለው፤ ግን የሚጠራው የለም። በርሚሉ ነው የሚባለው። ይህንንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስንት ቢቀዱበት አይሞላማ። ከሥራ ሲወጣ እግሩ ቀጥ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ካለው መጠጥ ቤት ይወስደዋል። ሲጠጣ አይሳደብም፣ አይማታም፤ ያገኘውን ሁሉ ስሞ፣ አንጎራጉሮ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ የወርክሾፑ በር ላይ ነው። ይሄም ራሱ ያናድደኝ ነበር። ሰው አንዱን ይሁን እንጂ።

አሁን ስለ መጋዙ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ረጅም ጣውላ በማሽን ሲሰነጠቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከፊት ይገፋል፤ እሱ ገፊ ነው። ሌላው ከመጋዙ ኋላ ቆሞ የተሰነጠቀውን ይስባል፤ እሱ ተቀባይ ነው። ማሽኑ ሲጮህ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ተቀባዩ ጣውላውን በመዳፉ ያንኳኳል፣ ገፊው እጁ ላይ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ማለት ግፋ ነው። ሁለት ጊዜ ማለት ቁም ነው። መጋዙ ጥርስ አጠገብ ስንጥር ሲወሸቅ፣ ተቀባዩ ሁለቴ አንኳኩቶ፣ ገፊው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሲያሳየው ብቻ ነው እጁን የሚሰደው። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ማሽን አጠገብ አይደርስም።

እኔ ተቀባይ ነኝ። ሃያ ዓመት የተቀበለ ሰው ደግሞ አንዳንዴ "ኤዲያ፣ ለዚች ስንጥር ብዬ" ይላል። የዚያን ቀን ጠዋት አላንኳኳሁም። እጄን ሰደድኩ፣ በርሚሉ ገፋ። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ሰጋቱራው ላይ ወደቁ።

ሰው ተሰበሰበ። እትዬ ሻርፓቸውን አውልቀው እጄን ጠመጠሙልኝ። በርሚሉ አጠገቤ ተንበርክኮ "አንኳኩተሃል እንዴ? አንኳኩተህ ነበር?" ይለኛል። አፉ የትናንቱን ቢራ ይሸታል። ለሁሉም ሸተታቸው፤ ዓይናቸው ወደሱ ሲዞር አየሁ።

"ሁለቴ አንኳኩቻለሁ" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

እሱ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "እኔ እንጃ። አልተሰማኝም። አንኳኩቶ ይሆናል እኮ" አለ። የገዛ እጁን ማመን አቃተው።

ያኔ አመመኝ፣ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ ብል ይቅር ትሉኝ ይሆናል። በማግስቱስ? በሳምንቱስ? ሃያ ዓመት የሠራ ባለሙያ እንደ ጀማሪ እጁን መጋዝ ውስጥ ከተተ ከሚሉኝ፣ ሰካራም አማቹ ቆረጠው ቢሉኝ መረጥኩ። አስቤበት ነው የመረጥኩት።

ከሆስፒታል ስወጣ እትዬ ሁላችንንም ሰብስበው በርሚሉን አስቆሙት። "ዓመት ሙሉ መጋዝ አትነካም። ዓመት ሙሉ መጠጥ አትቀምስም። አንዲት ቀን ከሸተትከኝ በዚያው ትሄዳለህ። ዓመቱ ሲሞላ ወደ ማሽኑ ትመለስ አትመለስ የሚወስነው ጣቱን ያጣው ሰው ነው" አሉት። እሱ "እሺ እትዬ" አለ። እህቴ ደግሞ ከመኝታ ቤት አስወጥታ ሳሎን ሶፋ ላይ አስተኛችው። "የወንድሜን እጅ ያጎደለ ሰው አጠገቤ አይተኛም" አለች። ለዚህም እሺ አለ።

በሁለት ሳምንት ይጠጣል ብዬ ነበር። ብርጭቆ ወረቀት ተሰጥቶት በር ሲያለሰልስ ይውላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ በሩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው "እፍ በል" ይሉታል፣ እሱም ያን የሚያክል ሰውዬ እንደ ሕፃን እፍ ይልላቸዋል። የወርክሾፑ ልጆች ባዶ በርሚል ይሉት ጀመር፤ እኔን ደግሞ ስምንቴ። ከረሜላ ለመደ። የኪሱ ወረቀት ቀኑን ሙሉ ኮሽ ኮሽ ሲል ቆሽቴ ያር ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቀዝቃዛ ቢራ ከፍቼ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። መጣ፣ አየው። በመጥረጊያው እጀታ ቀስ አድርጎ ወደ ጠርዝ ገፋውና ሥራውን ቀጠለ። ቢራው ሞቆ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ዋለ።

በአራተኛው ወር ሌላ ሰው ሆነ። እጁ ረጋ፤ እኔ የሠራሁትን በር በዓይኑ ብቻ አይቶ "ከማጠፊያው በላይ ሁለት ሚሊ ጎድሏል" ይለኛል። ሜትር አውጥቼ እለካለሁ፣ ሁለት ሚሊ ጎድሏል። ይህን እንኳን በቻልኩት። አንድ ቀን ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ፣ ከመጋዙ ፊት ገፊ በሚቆምበት ቦታ ቆሞ፣ መዳፉን ገበታው ላይ ዘርግቶ አገኘሁት።

"ምን ታደርጋለህ?" አልኩት።

"ምንም። እያስታወስኩ ነው" አለኝ።

ክው አልኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ጭንቅላቱ እየጠራ ሲሄድ ያን ጠዋት ያስታውሳል፤ ካስታወሰ ይናገራል፤ ከተናገረ አለቀልኝ። ከጠጣ ግን ማን ያምነዋል? ስለዚህ መጠጣት ነበረበት። ነገሩ ይሄው ነው፤ አላሳመርኩትም።

እሑድ እሑድ እህቴ ቤት ነው የምበላው። ጣቴን ካጣሁ ጀምሮ እህቴ ብርቱካን ራሷ እየላጠች ትሰጠኛለች። "ጋሽዬ፣ እጅህን አታድክም" ትለኛለች። ነጩን ቆዳ ሳይቀር አንድ በአንድ አንስታ፣ ፍሬውን ለያይታ ሰሃን ላይ ትደረድርልኛለች። እሱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። ብርቱካን መላጥ አላቃተኝም ነበር። ዝም ብዬ በላሁ።

በአሥረኛው ወር ልጃቸው ፈተና አለፈች ተብሎ ቤት ውስጥ ምሳ ተዘጋጀ። ጭማቂ ተቀዳ። እኔ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ ጂን ነበረችኝ። እህቴ ኩሽና ስትገባ፣ ልጅቷ ወረቀቷን ልታሳየው ወደሷ ስትስበው፣ በርሚሉ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥኳት። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ አፍንጫው ነገረው። ቆመ። ዓይኑን ከብርጭቆው ላይ አንስቶ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ ተነስቶ ኩሽና ገባና ማጠቢያው ላይ ደፋው። እህቴ ከኋላው ቆማ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?" ስትል ሰማኋት።

እሱ ብርጭቆውን አለቀለቀ። እሷ ወደኔ ዞረች።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩ። "ይሄኔ በድብቅ ሲጠጣ ነው የከረመው።"

እህቴ አልጮኸችም። ልብሱን በፌስታል ከታ በሩ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቷ የፈተና ወረቀቷን እንደያዘች አለቀሰች። እሱ ፌስታሉን አንስቶ፣ የልጁን ግንባር ስሞ ወጣ። እኔን የሚያጋልጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ፈቅደውለት ወርክሾፑ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጣውላ ክምር መሃል ያድር ጀመር። እትዬ እንደሁ በየጠዋቱ ያሸቱታል፤ እንዳልጠጣ ያውቃሉ። እህቴ ግን የገዛ አፍንጫዋን ነው ያመነችው። እኔም እሑድ ብርቱካኔን እየበላሁ ዝም አልኩ።

ዓመቱ የሞላ ቀን እትዬ ማሽን ሁሉ እንዲጠፋ አዘዙ። ሁላችንም መጋዙ አጠገብ ቆምን።

"ዓመት ሙሉ እፍ ያለው እኔ ላይ ነው። አንድም ቀን አልሸተተኝም" አሉ። ወደኔ ዞሩ። "በል፣ ፍርዱ ያንተ ነው።"

እምቢ ልል ነው የመጣሁት። ቃሉን ቤቴ ስለማመደው አድሬያለሁ፤ እጄን ሳይ እሱን ማመን አልቻልኩም ልል፣ ይቅርታ ልል። አፌን ሳልከፍት በርሚሉ ቀደመኝ።

"እትዬ፣ ከመፍረዱ በፊት አንድ ጣውላ አብረን እንሰንጥቅ። እሱ ይግፋ። ተቀባዩ እኔ ልሁን።"

እትዬ "በሉ እሺ" አሉ። እሱ ከመጋዙ ኋላ ሄዶ ቆመ። እኔ ጣውላውን ይዤ ማሽኑን አስነሳሁ። አንድ ጊዜ አንኳኳ፤ ገፋሁ። ጣውላው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሁለቴ አንኳኳ።

ከመዳፌ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ የማንኳኳው፤ ገፊው ጋ እንዴት እንደሚደርስ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለውን የጠጣም ሰው አይስተውም፤ የሞተ ካልሆነ በቀር። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ የጎደለውንም የሞላውንም። እሱ እጁን ወደ መጋዙ ጥርስ አስጠጋ። ስንጥር አልነበረም። እጁን እዚያው እንዳስቀመጠ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ አይቸኩልም፣ አይቆጣም። እጄ አየር ላይ ቀረ። ማጥፊያውን በጉልበቴ ገፋሁት።

"አላንኳኳሁም" አልኩ።

መጋዙ እየዞረ እየዞረ ቆመ። "ምን አልክ?" አሉ እትዬ።

"የዚያን ቀን አላንኳኳሁም። እጄን ዝም ብዬ ነው የሰደድኩት። እህቴም ቤት ብርጭቆው ውስጥ መጠጥ የጨመርኩበት እኔ ነኝ።"

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ወረቀቱን መፍታት ያዘ።

"አውቃለሁ" አለ። "በአራተኛው ወር ነው ትዝ ያለኝ።"

ይሄን ስሰማ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የተናደድኩት እኔ ነኝ። "ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? ሶፋ ላይ ስትተኛ፣ እዚህ ሰጋቱራ ውስጥ ስታድር?"

"ብናገር ኖሮ በዚያው ቀን እጠጣ ነበር" አለ። "ተበድያለሁ ብዬ እያለቀስኩ እጠጣ ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ዓመቱን ለመጨረስ ጣቶችህ ያስፈልጉኝ ነበር።" ከረሜላውን አፉ ውስጥ ከተተ። "አሁን አያስፈልጉኝም። ለሚስቴ ግን እኔ አልነግራትም።"

እትዬ በእጃቸው የበሩን አቅጣጫ አሳዩኝ።

እህቴ በሯ ላይ ስታየኝ ገረማት፤ የሥራ ቀን ነበር። እንደ ልማዷ መጀመሪያ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው። አስቀመጠችኝ፣ ብርቱካንና ቢላዋ ይዛ መጣች፣ መላጥ ጀመረች። እየላጠች ነገርኳት። ስለ ማንኳኳቱ ስነግራት ቢላዋው አልቆመም። ስለ ብርጭቆው ስነግራት ቆመ። ዓይኗ ሶፋው ላይ ነበር።

ከዚያ በግማሽ የተላጠውን ብርቱካን ከነቢላዋው ወደኔ ገፋችው።

"ራስህ ላጠው" አለችኝ። ጫማዋን አጥልቃ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

በስምንት ጣት ብርቱካን ይላጣል። መጀመሪያም ይላጥ ነበር።