የሰርግ ማግስት ወለል

«እግሬን የሰበሩት አባትሽ ናቸው» አለችኝ ፊት ለፊት፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ አምስት ኮፒ እንዳነሳላት ወረቀቷን በመስኮቱ እያቀበለችኝ። «የጋሽ አያሌው ልጅ አይደለሽ? መልክሽ ቁርጥ እርሳቸውን ነው።»

ነኝ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሳስተኛው ማንበብ አልፈለግሁም፤ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የከረመ ሰው ዓይኑ ሳይታዘዝ ያነባል። ለአዳራሹ ኮሚቴ የተጻፈ ነው። የፍኖተ ሰላም ሁለገብ አዳራሽ ታድሶ ሊከፈት ስለሆነ፣ አባየ ወደ ድሮው የጥበቃና የጽዳት ሥራቸው ልመለስ ብለው አመልክተዋል። ሴትዮዋ ውባለም ናት፤ ዛሬ የቡሬ ልጃገረዶች የመረብ ኳስ አሠልጣኝ ሆናለች። እኒህ ሰው በቸልተኝነታቸው ለአካል ጉዳት ዳርገውኛልና አይመለሱ ትላለች። ስብሰባው እዚያው አዳራሹ ውስጥ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል። የገበያ ቀን ነውና ከመስኮቱ ሥር ቄጠማ ሻጮች ተቀምጠዋል። እንዳይጠወልግ ውኃ ሲረጩበት ያ ጥሬ የረግረግ ሽታው በመስኮቱ ገባ። ቄጠማ ለሌላው ሰው የበዓል ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የሰርግ ማግስት ሽታ ነው።

ያደግሁት ከአዳራሹ መድረክ ጀርባ በነበረች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙ ሁለገብ እንደሆነ ሁሉ ሥራውም ሁለገብ ነበር፤ ማክሰኞና ሐሙስ መረብ ኳስ፣ ረቡዕ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ በየመሀሉ እንቅልፍ የሚያስወስድ ስብሰባ፣ የሕፃናት ክትባት ከነለቅሶው፣ ክረምት ሲቃረብ ዝናብ እንዳይነካው የሚከመር የማዳበሪያ ጆንያ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ በሰርግ ላይ ሰርግ። ወለሉ ላይ አባየ በየዓመቱ በብሩሽ የሚያድሷቸው መስመሮች ነበሩ፤ ነጩ የመረብ ኳስ፣ ቢጫው የእጅ ኳስ፣ ሰማያዊው የቅርጫት ኳስ። በሰርግ ቀን እነዚሁ መስመሮች የሙሽራውና የሙሽሪት ወገን መለያ ሆነው ያርፉታል። አንድ ጊዜ ከገበዝ ማርያም የመጡ ሽማግሌ ሰማያዊውን መስመር አልሻገርም ብለው፣ «የሰው ወሰን ነው፤ በስተርጅና እንዴት እገፋለሁ?» እያሉ ቆመው ሊውሉ ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ ቀና ብለው የቅርጫት ኳሱን መረብ አዩና፣ «ምነው ይኸን ሁሉ አዳራሽ ሠርታችሁ ለዚህች ቅርጫት ቂጥ የሚሰፋላት ጠፋ?» አሏቸው አባየን። አባየ ሳምንቱን ሙሉ ብቻቸውን ሲስቁበት ከረሙ።

ሰርግ ሲያልፍ ግን ሳቅ የለም። ማታ ሲጨፈርበት ያደረው ቄጠማ ተደቁሶ፣ ጭማቂው ከፈሰሰው ጠላና ከወጡ ቅባት ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶውን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። አባየ ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ መጀመሪያ ከእንጨት ቤት ያመጡትን ሰጋቱራ ይነሰንሱና እርጥቡን ያስጠጡታል፤ ቀጥሎ በፈላ ውኃና በኦሞ ይፈትጉታል፤ በደረቅ ጆንያ ይወለውሉታል። በመጨረሻ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በባዶ እግራቸው አንድ በአንድ ይረግጡታል። ዓይን ይዋሻል፣ ተረከዝ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። እኔም እየተከተልኳቸው እረግጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀዘቅዘው ያ ወለል እስካሁን እግሬ ሥር አለ።

አሥር ዓመቴ ነበር። እሑድ ሰርግ ነበረ፤ ሰኞ ከሰዓት ደግሞ የቡሬና የእኛ ልጃገረዶች ግጥሚያ። ሁለቱን ማን እንዳቀራረባቸው አላውቅም፤ አባየ ብቻ እያጉረመረሙ ከሌሊቱ ጀምረው ሲፈትጉ አነጉ። ሙሽሮቹ የተቀመጡባት፣ ከመድረኩ ሥር ከመረቡ ጎን ያለችው የወለሉ ጥግ፣ ቄጠማው ከሁሉ የወፈረባት ቦታ፣ ስትቀር የመረቡን ምሰሶ እንዲያቆሙ ተጠሩና፣ «ይችን ጨርሻት፤ ስትደርቅ እርገጫት» ብለውኝ ሄዱ። ሰጋቱራውን ነስንሼ ጠረግሁ፤ ውኃም ደፋሁበት። ከዚያ የቡሬ አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ልጆቹ በመስኮት ብቅ ብለው እየዘፈኑ፣ ቀይ ማሊያ ለብሰው... ማን ይቆያል? ሮጥኩ። ስመለስ አባየ መረቡን እየወጠሩ፣ «ረገጥሻት?» አሉኝ።

«ረግጫታለሁ» አልኳቸው።

ውባለም ሰባት ቁጥር ነበረች። ስትዘል አዳራሹ አብሯት ትንፋሹን ይይዛል፤ የእኛም ደጋፊ ሳይቀር አፉን ከፍቶ ነበር የሚያያት። በሦስተኛው ዙር ከመረቡ ላይ መታ ስትወርድ እግሯ ያችን ጥግ ነካ። ድምፁን አልገልጸውም። ባጃጅ እስኪገኝ አላስችል ብሎ በጋሪ ጭነው ወሰዷት፤ ጋሪው በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ጩኸቷ አዳራሹ በር ድረስ ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ ኮሚቴው አባየን ጠርቶ ወለሉን ያጠበው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ። ወደ እኔ ዘወር እንኳ አላሉም። ከሥራ ተሰናበቱ፤ ክፍሏን ለቀቅን፤ አባየ ወፍጮ ቤት በር ላይ ዘብ ቆሙ፤ ፀጉራቸው በዱቄት ይሁን በሐሳብ ነጣ። ስለዚያ ቀን በቤታችን አንድም ቃል ተነስቶ አያውቅም፤ እኔም ደፍሬ አላነሳሁም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ወለል ሲያጥብ ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። አዳራሹም ቀስ በቀስ ሞተ። መስታወቱ ረገፈ፣ መስመሮቹ ተፋቁ፣ የኳስ ድምፅ ጠፋ። ድሮ ከቡሬ ሰው መጣ ሲባል በስንት ለስንት አሸነፉ ነበር ጥያቄው፤ አሁን መጀመሪያ የሚጠየቀው መንገዱ ሰላም መሆኑ ነው።

ማሽኑ አምስተኛውን ቅጂ ተፋ። ሰብስቤ ያዝኩት እንጅ አልሰጠኋትም።

«እትየ ውባለም፣ ያችን ጥግ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ረግጫታለሁ ብየ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥር።»

«ታዲያ እርሳቸው እኔ ነኝ ብለው ማሉ?»

«አልማሉም። እኔ ነኝ ብቻ ነው ያሉት።»

«አየ ጋሽ አያሌው!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። «አሁን እኔ ምን ላድርግልሽ ነው?»

«ደብዳቤውን ተይው።»

«አልተወውም። እግሩ የእኔ ነው፤ ቡሬ ያሉት ልጆችም የእኔ ናቸው። የሚባል ካለሽ እዚያ መጥተሽ፣ እርሳቸው በተቀመጡበት በዪው።» ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ፣ ግራ እግሯን ትንሽ እየጎተተች ወደ አዳራሹ አቅጣጫ ሄደች።

ዝም ካልኩ አባየ ቸልተኛ ተብለው ይቀራሉ። ከተናገርኩ ደግሞ ኮሚቴ ፊት የዋሹ ሰው ይሆናሉ፤ ያውም በዚያ ንጹሕ ሸሚዛቸው፣ ከጠዋት ጀምረው የፊት ወንበር ይዘው በተቀመጡበት። የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩ። ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ፣ «የኮፒ ቤቱ ባለቤት ከመጣ ወደ አዳራሹ ሄዳለች በይልኝ» አልኳት።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለችኝ።

የቆርቆሮ መዝጊያውን አወረድኩና መንገዱን ተሻገርኩ።