አባቴ ቀኝ እጁን ያነሳ ዕለት

አባቴ ወረቀት አይጥልም። ቴክሳስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርትመንቱ፣ አልጋው ሥር አንዲት ቡናማ የቆዳ ቦርሳ አለች፤ ፓስፖርቱ፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የእኔ የክትባት ካርድ፣ ድሮ የሸጠው መኪና ኢንሹራንስ ሳይቀር እሷ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የጉልበት ሐኪም ቀጠሮ ነበረውና የሜዲኬር የሕክምና ካርዱን ፍለጋ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘረገፍኳት። ካርዱ የለም። ከዜግነት ወረቀቱ ጋር ግን በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ስፈታው የፕላስቲክ ባጅ ነው፤ ወርቅማ ቀለሙ ተላልጧል፣ መሐሉ ላይ ኤሊ አለ። ወዲያው የባሕር ጨውና የጸሐይ ቅባት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ንዴቱም አብሮ መጣ። ይኼን ያህል ዓመት ቆይቶ እንዲህ ትኩስ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ የሰመር እረፍት። ትምህርት ቤታችን በተከፈተ ቁጥር የሚታዘዝ አንድ ነገር ነበር፤ ሰመሩን ካሳለፋችሁበት ቦታ አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑና ለክፍሉ አሳዩ። ልጆቹ ዛጎል፣ የተራራ ድንጋይ፣ መርከብ ላይ የተነሱትን ፎቶ ያመጣሉ። እኔ የት ሄጄ? አባቴ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የሻትል ሾፌር ነበር፤ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ሰው ሲያመላልስ ይውላል። አገር ምድሩን ለሽርሽር እየሸኘ እኛን ግን የትም ወስዶን አያውቅም። ሦስተኛ ክፍል ስገባ እሱ ያመጣልኝን የኤርፖርት ቁልፍ መያዣ ይዤ ሄድኩ። የት ሄደሽ ነው ስባል ኤርፖርት አልኩ። ከዚያስ ወዴት በረርሽ አለችኝ አስተማሪዋ። ወደ ቤት፣ አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ዓመት ግን ቆርጬ ነበር። ላይብረሪ ውስጥ አንድ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። እዚሁ ቴክሳስ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፓድሬ ደሴት ላይ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ እዚያ ለሚሄድ ልጅ የሥራ ደብተር ይሰጠዋል፤ ደብተሩን ሞልቶ ሬንጀር በሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ፊት ሲምል የኤሊ ባጅ ደረቱ ላይ ይደረግለታል ይላል። እኔ የፈለግኩት ያንን ባጅ ነው፤ ባሕሩንም አሸዋውንም አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ አባቴ አንድ ቀን ኦፍ ወሰደ። በነጋታው ማታ ሥራ ስለሚገባ ጎህ ሲቀድ መመለስ አለብን፤ ስለዚህ ያለችን ያቺው አንድ ከሰዓት ብቻ ናት። የፓርኩ ቢሮ በፈረንጅ ሰዓት አምስት ላይ እንደሚዘጋ በትልልቁ ጽፌ የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ለጠፍኩለት።

ሳይነጋ ወጣን። ሳን አንቶኒዮ ስንደርስ ገና ጠዋት ነው፣ ሰዓቱ በእጃችን ነበር። እናቴ ግን የአክስቷን ልጅ የእትዬ ሙሉን ደጅ አልፈን ብንሄድ፣ ኋላ ሲሰሙ ምን ይላሉ ብላ ተጨነቀች። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አለች። እኔ ያቺን አምስት ደቂቃ አውቃታለሁ። እትዬ ሙሉ በር ላይ ስመውን ሳይጨርሱ ከፍሪዘር ዶሮ አወጡ። አባቴ ሰበብ መደርደር ሲጀምር «በሞቴ! ሳትበሉ ንቅንቅ ብትሉ ሞቼ ልገኝ!» አሉት። አለቀ።

አባቴ መሐላ ይፈራል። እሱ ፊት «እናቴ ትሙት» አይባልም፤ እኔ አንዴ በጨዋታ መሐል «እግዜርን» ብዬ ሳምንት ሙሉ ቲቪ ተከልክያለሁ። ራሱ በምንም አይምልም። ሌላ ሰው «በሞቴ» ካለው ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም፤ ሴትዮዋን እዚያው የሚገድላቸው ይመስለዋል። እናማ፣ ዶሮው እስኪቀልጥ፣ እስኪሠራ፣ እስኪበላ ተቀመጥን። ለጉርሻው ሌላ በሞቴ፣ ለሁለተኛውም ጉርሻ ሌላ በሞቴ። እኔ ሶፋው ላይ ተጠቅልዬ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ አለቀስኩ። እንቅልፏ መጥቶ ነው ተባለ።

ፓርኩ በር ስንደርስ በፈረንጅ ሰዓት ሦስት ሊሆን ነው። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፈገግ ብላ የመግቢያ ክፍያ ጠየቀች። አባቴ መንጃ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የራሱን ግሪን ካርድ፣ የእናቴን ግሪን ካርድ ደርድሮ ሰጣት። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ካየ ያቺ ያለችው እንግሊዝኛ ድራሿ ይጠፋል፤ ዞር ብሎ «ምን አለች? ንገሪያት» ይለኛል። ባንክም፣ ክሊኒክም፣ የአፓርትመንቱ ቢሮም የአባቴ አፍ እኔ ነበርኩ። እንዴት ይሰለቻል መሰላችሁ! እኩዮቼ ካርቱን ሲያዩ እኔ የመብራት ቢል አስተረጉማለሁ። ያን ዕለትማ «አባዬ፣ መግቢያውን ብቻ ነው የጠየቀችህ!» ብዬ ጮህኩበት።

ከቢሮው ደብተሬን ተቀብለን ስንወጣ ባሕሩ ከአሸዋ ክምሩ ማዶ ድንገት ብቅ አለ። እናቴ በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «ኧረ እውነትም ጨው ነው!» ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አሸዋው እግር ይጠብሳል፣ ንፋሱ ጆሮ ይሞላል። ነጫጭ ክራቦች ስንጠጋቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። ውሃው ዳር እንደ ፊኛ የተነፋ ሰማያዊ ነገር ወድቆ ነበር፤ አባቴ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል የሚናደፍ ፍጡር መሆኑን ከደብተሩ አንብቤ በጩኸት አስቆምኩት። ዛሬ ሳስበው ቆንጆ ቀን ነበር። ያኔ ግን ሁሉም ለእኔ የሚሞላ ገጽ ነው፤ ወፍ ሳልኩ፣ ዛጎል ቆጠርኩ፣ የኤሊዋን ጥያቄ መለስኩ፣ በየመሐሉ የእናቴን የእጅ ሰዓት እያየሁ።

የመጨረሻው ገጽ አንድ ከረጢት ቆሻሻ ከአሸዋው ላይ ልቀሙ ይላል። ሞገዱ ከሩቅ አገር ሳይቀር ፕላስቲክ፣ ገመድ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እያመጣ ይደፋዋል። እኔ ከረጢቴን ባሥር ደቂቃ ሞላሁ። አባቴ ግን ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አንድ ይበቃል ስለው «ያቺንማ አይተን እንዴት ጥለናት እንሄዳለን?» ይላል፤ ያቺን ሲያነሳ ደግሞ ሌላ ያያል። እናቴ ምግብ የቋጠረችበትን ፌስታል አራግፎ እሱንም ሞላ። በፈረንጅ ሰዓት አራት ተኩል አለፈ። እጁን ይዤ ብጎትተው እንደ ቁምሳጥን ከበደኝ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ በእግሬ መሬቱን እየደበደብኩ አለቀስኩ፤ ያኔ ነው ቀና ያለው።

ቢሮው ለመዘጋት አሥር ደቂቃ ሲቀረው እየሮጥን ገባን። ሬንጀሯ ሽበታም ሴት ነበረች። ገጾቹን አንድ በአንድ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀኝ እጅሽን አንሺ አለችኝ። ይኼኔ አባቴ ከጀርባዬ «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ምን ብለሽ ነው የምትምይው?»

የልጆች ነው፣ ዝም ብሎ ቃል መግባት ነው አልኩት።

«ሳታውቂው አትምዪም። በአማርኛ ንገሪኝ።»

ከኋላችን ሌላ ቤተሰብ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሬንጀሯ ሰዓቷን አየች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ማስተርጎም ጀመርኩ፤ ፓርኩን እጠብቃለሁ፣ እንስሳ አልጎዳም፣ የትም ብሄድ ያገኘሁትን ቆሻሻ አነሳለሁ።

«የትም ብሄድ ይላል?»

«አዎ አባዬ፣ የትም!»

«እስከ መቼ?»

«አልተጻፈም!»

ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ «ከባድ ነው» አለና ለሬንጀሯ በእጁ ቀጥዪ የሚል ምልክት ሰጣት። እሷ ቃሉን እየቆራረጠች ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ከጀርባዬ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። አባቴ ኮፍያውን በግራ እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አሸዋ እንደሆነ፣ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ እየማለ ነው። ዩኒፎርም ፊት ስሙን እንኳ መናገር የሚያቅተው ሰውዬ! የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። «አባዬ፣ ላንተ አይደለም፣ የልጆች ነው!» ብዬ ሸሚዙን ጎተትኩ። ቁልቁል እንኳ አላየኝም። እስከ መጨረሻዋ ቃል ጨረሰ። ሬንጀሯ የእኔን ባጅ ደረቴ ላይ አደረገችልኝ፤ ቀጥላ ከመሳቢያ ሌላ አወጣችና ለሱም አደረገችለት። ያኔ ነው ጭራሽ ያበድኩት። እኔ ሁለት ወር ለፍቼ፣ ደብተር ሞልቼ፣ እሱ እጁን ስላነሳ ብቻ እኩል ሆንን!

ወደምናድርበት ሞቴል ስንሄድ መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አባቴ በመስተዋቱ እያየኝ «አሳፈርኩሽ እንዴ፣ ሊዱ?» አለኝ። «አዎ፣ በጣም!» አልኩት። እናቴ ዞር ብላ ተቆጣችኝ። እሱ ግን ባጁን ፈታና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ አድርጎት አላየሁትም።

ትምህርት ሲከፈት ባጄን ለክፍሉ አሳየሁ፣ ተጨበጨበልኝ። ስለ አባቴ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ዓመቱ ሳያልቅ ባጄ የት እንደገባ ጠፋ፤ እኔም አልፈለግኩትም።

አሁን ሪቻርድሰን፣ ከአባቴ ሰፈር አጠገብ ነው የምሠራው። እትዬ ሙሉ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ በሳን አንቶኒዮ ሳልፍ በሞቴ ብሎ የሚያስቆመኝ የለም። የትም ቦታ ሰዓቴን ጠብቄ ነው የምደርሰው። ያኔ ይኼን ነበር የምመኘው፤ አሁን ግን በዚያ ከተማ በኩል ሳልፍ የሰፈራቸው መውጫ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። አባቴ ደግሞ ጡረታ ወጥቶ እዚያው አፓርትመንት ውስጥ አለ፤ እኔና እሱም በየሳምንቱ በአንድ ጉዳይ እንጣላለን። ጠዋት ጠዋት ፌስታል ይዞ ፓርኪንጉን ሲለቅም ይውላል። ጣሳ፣ የበርገር ወረቀት፣ የሰው ሁሉ ጥራጊ። ሐኪሙ ጎንበስ አትበል ብሎታል። የአፓርትመንቱ ማናጀር ለዚህ የሚከፈለው ሠራተኛ እንዳለ ነግሮታል። እኔ ለምኛለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ ሰው ምን ይላል ብያለሁ። እሺ ይለኛል፤ በነጋታው ያው ነው። የእርጅና አመል ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ባጁን ይዤ ሳሎን ሄድኩ። ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ቲቪ ያያል። ከእጄ ተቀበለኝና በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ያን ቀን ምን ነክቶህ ነው አብረኸኝ የማልከው፣ አልኩት።

«ልጄን ብቻዋን ላስምል?» አለኝ፤ ገርሞት። «አሥር ዓመትሽ ነበር እኮ። ትረሺዋለሽ። ሁለታችንም ከረሳነው ደግሞ ምን ይባላል? አንዳችን ቃሉን መጠበቅ ነበረብን።»

ዓይኔ ጉልበቱ ላይ ያለው በረዶ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ጠዋት ሲያጎነብስ የኖረው እኔ ለገባሁት ቃል ነው። እኔ ደግሞ አሳፍረኸኛል ብዬው ነበር። ይቅርታ ልል ፈልጌ አፌ አልታዘዝ ሲለኝ፣ ካርድህን የት አባቱ ነው የከተትከው ብዬ ተቆጣሁ። ቲቪው ሥር ነበር።

ቀጠሮውን ጨርሰን ቤቱ መለስኩትና ወደ መኪናዬ ወረድኩ። ከጎማው አጠገብ የተጨማደደች የውሃ ፕላስቲክ ወድቃለች። ረግጫት ላልፍ ስል ቀና አልኩ፤ አባቴ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ የብረቱን መደገፊያ ይዞ ቁልቁል ያየኛል። «አየሁህ! ግባና እግርህን ስቀል!» ብዬ ጮህኩበት። አልገባም። እየተነጫነጭኩ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፤ ያኔ ገባ።