ዴስክቶፑ ይቅር

አዛውንቷ ላፕቶፑን ወደ ኮምፒውተር መጠገኛው ያመጡት በወንድ ሹራብ ጠቅልለው ነው። ጠጋኙ ሲያስነሳው የተጫነበት ሊኑክስ ሲስተም የለመዱትን ዴስክቶፕ አላወጣም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ደረደረ።

"አይዞዎት እማማ፣ አልሞተም" አላቸው፣ ጥቂት ትእዛዝ ጽፎ ካየ በኋላ። "ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ዴስክቶፑ መነሻ ቦታ አጥቶ ነው። ይቺን የድምፅ ፎልደር ብናጠፋት ይነሳል።"

"እሷን እንዳትነካ!"

ምን ቢሆን ነው ብሎ አንዱን ፋይል ከፈተው። የሽማግሌ ድምፅ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ደሞ ልትቀጂኝ ነው? ዝጊው!" አለ። "አልዘጋም!" አለ ከቅጂው ውስጥ የአዛውንቷ የራሳቸው ድምፅ እየሳቀ።

ጠጋኙ ፋይሉን ዘጋው። "እንግዲያው ወደ ሌላ ዲስክ እናዛውረው።"

"እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልካችንን ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዛወር ኖረናል። አሁንስ የትም አይሄድም!" ሹራቡን ደረታቸው ላይ ጨበጡት። "ልጆቼም አጥፊውና እረፊ ይሉኛል። እነሱ ይረፉ!"

"ዴስክቶፑ አይነሳማ፣ እማማ።"

"ታዲያ አይነሳ! ድምፁን የሚያሰማኝን ትእዛዝ ብቻ አሳየኝ።"

አሳያቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፉት። ከላፕቶፑ ውስጥ ሽማግሌው ማፏጨት ጀመረ፤ ዜማውን እየሳተ ያፏጫል። ተራ ከሚጠብቁት ደንበኞች አንዱ፣ "ትንሽ ቢቀንሱት" አለ።

አዛውንቷ ዞር ብለው አዩትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቁት።