ከእኔ የተደበቀው የመርከብ ወሬ

የልጅ ልጄን ነገር እዚህ ስደት አገር፣ ታርኔት በሚባለው ሰፈራችን ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ ማደሬ በደል ነው። «አሮጊት ናት፣ ልቧ አይችልም» ተብሎ የሚሠራ በደል። የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር እስከ ዛሬ መጀመሪያ ስልኬን እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ሊያ የልጄ የዳንኤል ልጅ ናት። የሥራ ጓደኛዋ ግሪክ አገር፣ አንዲት ደሴት ላይ ስለምታገባ ሚዜ ልትሆናት ሄደች። እስከ አቴንስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ። ደሴቲቱም አውሮፕላን ማረፊያ እንዳላት ሰምቼ ለምን በአየር አትጨርሺውም ብላት፣ «ፌሪ እኮ ነው እማማ፣ እንደ ባስ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። የእህቴ ልጅ ከሊቢያ ተነስቶ የቀረው በዚያው ባሕር ነው። ይህን አላነሳሁባትም፤ መንገደኛ በክፉ ወሬ አይሸኝም።

ወደቡ ላይ ሆና ፎቶ ላከችልን። ከኋላዋ ነጭ መርከብ አፉን ከፍቶ መኪና ይውጣል። ልሳፈር ነው ብላ ጽፋለች። ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ተንኳኳ። እዚህ አገር በሥራ ቀን ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም። ብከፍት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ታደሰ ናቸው። ከኋላቸው ሚስታቸው አልማዝና ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት ሴቶች። እንዲሁ ልንጠይቅዎ ነው አሉኝ።

አልማዝ ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ከአንገቷ ሥር ጥቁር ልብስ አየሁ። አንደኛዋ ሴት ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ሌላዋ ስልኬን አንስታ ቻርጅ ላድርግልዎ ብላ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፤ ስልኩ ሙሉ ነበር። ጋሼ ታደሰ ስለ ብርዱ አወሩ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት አወሩ። ከዚያ «የደም ግፊት ኪኒንዎን ወስደዋል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። የእህቴን ልጅ መርዶ ይዘው የመጡት ሽማግሌዎችም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

«ሊያ ሞታለች?» አልኋቸው።

ጋሼ ታደሰ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ፣ ዳንኤል መንገድ ላይ ስለሆነ እሱ ይምጣ አሉ።

ተነስቼ ጓዳ ገባሁና ስልኬን ከሴትየዋ እጅ ነጠቅሁ። ዳንኤል ጋ ስደውል እያለቀሰ ነበር። ሊያ ትኬት የቆረጠችበት መርከብ በማዕበል ተገፍቶ ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ስልኳም አይሠራም። ይህን ከማታ ጀምሮ ያውቃል፤ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። ለእኔ ግን አልነገረኝም።

ስልኩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ አልማዝ ካፖርቷን አወለቀች።

ማንም ሊያነሳኝ አልደፈረም። እንደዚያ ሳለሁ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ።

«እማማ፣ አም ኦኬ። ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም የምትደውሉት?»

ለካ ወደቡ ብዙ በር አለው፤ እሷ የቆመችው በሌላ መርከብ በር ላይ ኖሯል። ፎቶው ላይ ያለው መርከብም የእሷ አልነበረም። የእሷ ጥሏት ሲሄድ ተናድዳ ወደ አየር ማረፊያ ሄደች፣ በማታው አውሮፕላን ደሴቲቱ ገባች። ባትሪዋ አልቆ ስልኳን የከፈተችው ሆቴል ከደረሰች በኋላ ነው፤ እዚህ ሲነጋ እዚያ ገና ሌሊት ነው።

በሕይወት ስላቆያት ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ቁጣዬ ግን አልበረደም። እነሱ ለልጅ ልጄ ሲያለቅሱ ያደሩትን ሌሊት እኔ ለጥ ብዬ ተኝቼ ነው ያደርሁት። ይህ አሁንም ከውስጤ አልወጣም። ሰው የራሱን ሐዘን ከጎረቤቱ ኋላ ሊሰማ አይገባም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ታደሰን ሰው ፊት አቆምኋቸው። እውነት ሆኖ ቢሆን መቼ ልትነግሩኝ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ሊያልፉኝ ሲሉ መንገዱን ዘጋሁባቸው።

አንገታቸውን ደፍተው መለሱልኝ።

«ትንሽ እህል ከቀመሱ በኋላ።»